ምነው አንድ ሰው በፈተሸኝ

«ሥራሽ ምን ነበር?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ «ሰው ማስወለቅ» እለዋለሁ። ይስቃል። ይሳቅ፣ ምን ቸገረኝ። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ቆሜ ጫማ ያውልቁ፣ ቀበቶ ይፍቱ፣ ኪስዎን ባዶ ያድርጉ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። አንድ ጊዜ በሕልሜ እናቴን ጫማ አስወልቄያታለሁ፤ ጠዋት ተነሥቼ አለቀስኩ። የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እንደሆነ አልናገርም። ዛሬም እዚያ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉ። ከአገሬ ከንፋስ መውጫ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ ይህ ይበቃል።

የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፣ ስለ ጋሽ ፈንታ ነው። ጋሽ ፈንታን ማንም አያውቃቸውም። በሬዲዮ አልተጠሩ፣ ሹመት አላገኙ። የጋይንት ሰው ናቸው፤ ከድጓ አገር ከቤተ ልሔም የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ያለች ትንሽ ደብር ልጅ። ዲያቆን ነበሩ፣ ወለል ወልዋይ ነበሩ፤ በኋላ ደግሞ የሐሰት መንገደኛ ሆኑ። እንዲህ ያለ ሥራ አለ ብል ማን ያምነኛል? አለ ግን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈታሾች በደንብ መፈተሻቸውን የሚፈትኑ ሰዎች አሉ። አንድ ተራ መንገደኛ የሚመስል ሰው ይልካሉ፤ ትኬት የያዘ፣ ሻንጣ የያዘ፣ በሻንጣው ውስጥ ግን ወይ ቢላዋ ወይ ጥይት የሌለው ሽጉጥ የደበቀ። ከያዝሽው «ጎበዝ» ተብሎ ይጻፍልሻል። ካለፈሽ ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ የስንብት ደብዳቤ ነው። የሚመጣው ማን እንደሆነ አታውቂም፤ ዛሬ ይምጣ ነገ አታውቂም። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯንም፣ ሽማግሌውንም፣ ሕፃን ያዘለችውንም ትጠረጥሪያለሽ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲጠረጥሩ መዋል ድንጋይ ከመሸከም ይብሳል። ድንጋይ የተሸከመ ማታ ያወርደዋል።

ጋሽ ፈንታ የገብስ ገበሬ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተሰጥተው ድጓ ቤት ገቡ፤ ስምንት ዓመት ተማሩ፣ ዲቁና ተቀበሉ። ከዚያ እትዬ ተሾመችን በቁርባን አገቡ። ይህን ልብ በሉልኝ። በሥርዓት ያላገባ ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና አይቀበልም። እትዬ ተሾመች ደግሞ የቄስ ሚስት እሆናለሁ ብለው ነው ያገቧቸው፤ አፋቸውን ሞልተው ነው ይህን የሚናገሩት፣ አያፍሩበትም። ባገቡ በዓመቱ በረዶ ገብሱን መታው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዝናቡ ቀረ። ጋሽ ፈንታ «ለአንድ ክረምት ብቻ» ብለው አዲስ አበባ ገቡ። ያ አንድ ክረምት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

አዲስ አበባ እነዚያ ፈታኞች በሚሠሩበት ቢሮ የጽዳት ሠራተኛ ሆኑ። አለቃው አቶ ጸጋዬ ይባላል፤ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ብዕሩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። አቶ ጸጋዬ አንድ ቀን ልብ ብሎ ሲያይ፣ የግቢው ዘበኛ ገቢ ወጪውን ሁሉ እየፈተሸ ጋሽ ፈንታን ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል።

«እሱን ለምን አትፈትሸውም?» አለው።

«እሳቸውን? ኧረ ጌታዬ፣ ፊታቸውን አያዩትም እንዴ!» አለ ዘበኛው።

እውነትም ፊታቸው እንዲያ ነው። ሲያስቀድስ ቆይቶ የወጣ ሰው ፊት። አቶ ጸጋዬ ያን ቀን መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀብሎ ትኬት ሰጣቸው።

መጀመሪያ እንደ ገበሬ አልብሰው ነበር የሚልኳቸው። ሁለት ጊዜ ተያዙ፤ በመያዛቸው ደስ አላቸው። አቶ ጸጋዬ ግን ደስ አላለውም። «ቄስ ሁን» አላቸው።

«እኔ ዲያቆን ነኝ። ዲያቆን መስቀል ይዞ ሰው አያሳልምም።»

«ለሙከራ እኮ ነው ጋሼ። ትያትር በለው።»

«እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር» ብለውኛል በኋላ። «ግን እምቢ ያለ ወለል ወልዋይ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ አፌን መልሼ ዘጋሁት።» አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። ቄስ ካሳለመ በኋላ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላል፤ ያ ሥልጣን የካህን ነው። «ያቺን ቃል ግን አትጠይቀኝ፣ አልናገራትም» አሉ። አቶ ጸጋዬ «ማን ልብ ይለዋል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም ልብ አላለም። እኔም ልብ አላልኩም፤ የመሪጌታ የልጅ ልጅ ሆኜ!

ከሱቅ የተገዛ፣ ጸሎት ያልተደረገበት መስቀል አስያዟቸው። አንድ ሽጉጥ በነጭ ጨርቅ፣ በላዩም በቀይ ከፋይ ጠቀለሉላቸውና «ንዋየ ቅድሳት ነው በል» አሏቸው። በአራት አውሮፕላን ማረፊያ አለፉ። አራቱም ጋ ፈታሹ ኮፍያውን አውልቆ መስቀሉን ተሳለመ፤ ጥቅሉን የነካ አልነበረም። አራቱም ጋ እሳቸው ካለፉ በኋላ ያሳለፋቸው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አይተዋል። «ሰው መስቀሉን ሲሳለም እኔ በልቤ፣ ምነው አንድ ሰው በፈተሸኝ እላለሁ» አሉኝ። «ደከመኝ ልጄ። መታመን እንዲህ ያደክማል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ወደ እኛ ሲመጡ የመጨረሻዬ ነው ብለው ነበር የመጡት። የደብራቸው ቄስ ሞተው ምእመኑ የሚቀድስለት አጥቶ ነበርና «ለጥር ና፣ ጳጳሱ ሲመጡ ቅስና ትቀበላለህ» ብለው ልከውባቸዋል። እትዬ ተሾመች አዲስ ጥምጣም አሠርተው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋል።

እንግዲህ ወደ እኔ ልምጣ። ሰብለ እባላለሁ፣ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ላለ አንድ ሰው ዳሩኝ። ስለ ሰውየው ብዙ አልልም፤ ይማታል፣ ይህ ይበቃል። ጥዬው ወጣሁ። አጎቴ አድማሱ ሽማግሌ ሰብስቦ ፈረደ፤ «ሥራ እስካላት ድረስ ብቻዋን ትኑር። ሥራ ያጣች ቀን ግን መንገድ ለመንገድ አትንከራተትም፣ ወደ ባሏ ትመለሳለች።» ሽማግሌዎቹ «ደግ ፍርድ ነው» አሉ። ለእነሱ ደግ ነው፣ የሚመቱት እነሱ አይደሉ! እናቴም ለእኔ አልቆመችም። ሰውየውም እየጠበቀ ነበር። በየሦስት ወሩ «ሥራዋ አላለቀም ወይ?» ብሎ ለአጎቴ ይልካል። እኔ እዚያ በር ላይ የቆምኩት ለደስታዬ አልነበረም።

ታዲያ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ። የመጀመሪያው በአንዲት ባልቴት ማጭድ የመጣ ነው። ልጃቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሲሄዱ ማጭዳቸውን በጆንያ ጠቅልለው ያዙ። «እዚያ ምን ያጭዱበታል?» ብላቸው «እጄ ባዶውን አያውቅም» አሉኝ። ሆዴ ባባና አሳለፍኳቸው፤ አለቃዬ አየኝ። ሁለተኛው ፈተና ነበር፤ በድፎ ዳቦ ውስጥ የተደበቀ ቢላዋ። በስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር አይቻለሁ። ግን ባለቤቲቱ እያየችኝ ዳቦዋን ልቆርስባት? ሰው ለለቅሶ የያዘውን ዳቦ? አፈርኩ። ማፈሬ በደብዳቤ ተጽፎ ደረሰኝ።

ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ነው። የጠዋት በረራ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ የዕቃ መፈተሻው ማሽን ላይ ነኝ፤ አበባው የሚባለው ባልደረባዬ ሰው የሚያልፍበት የብረት መፈተሻ በር ላይ ቆሟል። አበባው ማለት ሰውን እንደ ሌባ የሚያይ፣ ሙሽራ እንኳን ቀለበት የሚያስወልቅ ሰው ነው። ጋሽ ፈንታ ነጭ ጥምጣም ጠምጥመው፣ ካባ ደርበው፣ ጥቅሉን በግራ ትከሻቸው፣ መስቀሉን በቀኝ እጃቸው ይዘው ሲመጡ ኮፍያውን አወለቀ። በሩ ጮኸ። አበባው በሩን ገላመጠና «መስቀሉ ነው፣ ዝም በል» አለው። ለብረት በር ነው እንዲህ የሚናገረው።

ወደ እኔ መጡ። «አባቴ፣ ይህ ዕቃ ወደ ማሽኑ...» አልኩ።

«ንዋየ ቅድሳት ነው ልጄ። ማሽን አይገባም። ሴትም አትነካውም።»

ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር፤ የማይወደውን ትምህርት በቃሉ እንደሚወጣ ተማሪ። ደንቡን አውቀዋለሁ። ማሽን ያልገባ ዕቃ ተከፍቶ ይታያል፤ የንጉሥም ይሁን። ግን እኔ ያደግኩት የተቀደሰ ዕቃ ሲያልፍ ጥግ ይዛ ጎንበስ በምትል እናት ቀሚስ ሥር ነው። እጄ ወደ ጥቅሉ ተዘረጋችና መንገድ ላይ ቀረች። ጥግ ያዝኩ። አምስት ዓመት ያህል የሰው ኪስ ስበረብር የኖርኩት እኔ፣ ጥግ ይዤ ጎንበስ አልኩ።

ደግሞ አነጋገራቸው የአገሬ ነው። «ከየት ነዎት አባቴ?» አልኩ።

«ከጋይንት። ከቤተ ልሔም ወዲህ» አሉ። እንዲናገሩ ያልታዘዙትን ነው የተናገሩት።

«እኔም የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። ክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው። በጸሎት ያስቡኝ አባቴ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብኝ። አንድ ቢጨመር ከሥራ ያስወጡኛል፤ ከወጣሁ ወደሚመታኝ ሰው ቤት ይመልሱኛል።»

መስቀሉን ግንባሬን አስነኩኝ፣ ከንፈሬንም። «እግዚአብሔር...» አሉና ቆሙ። «እግዚአብሔር ያያል ልጄ» አሉና አለፉ።

ከማሽኑ ወዲያ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አለ። መንገደኛ ያን ካለፈ ፍተሻው አልቋል ማለት ነው። ጋሽ ፈንታ ቢጫውን መስመር ተሻገሩ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። በማዶ በኩል፣ ከወንበሮቹ መጨረሻ፣ አንድ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ሰው ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው ያውቃሉ። ሰውየው ብዕሩን አወጣ። ያን ጊዜ ጋሽ ፈንታ ዞሩ። መስመሩን መልሰው ተሻግረው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ክፈቺው።»

«ምኑን አባቴ?»

«ይህን። ክፈቺና እዪው።»

«ኧረ እኔ አልደፍርም! መቅሰፍት ላምጣ እንዴ?»

«ድፈሪ!»

ሰልፉ ላይ ያለው ነጋዴ «አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው እኮ!» ይላል። አንዲት አሮጊት «ምን አለች? የአባን ዕቃ ልትበረብር? እሳት ይውረድባት!» ትላለች። እኔ እንባዬ መጣ። እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ጋሽ ፈንታ አዩኝና ተስፋ ቆረጡ፤ እንኳን በፈቃዴ፣ በልመናም እንደማልፈትሻቸው ገባቸው። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ራሳቸው ከፈቱት። ቀዩ ከፋይ፣ ከዚያ ነጩ ጨርቅ፣ ከዚያ ጥቁር ሽጉጥ።

«እኔ ቄስ አይደለሁም» አሉ።

ሰው ተንጫጫ። አበባው ከኋላ ዘሎ ክንዳቸውን ጠመዘዘው፤ ጥምጣማቸው መሬት ወደቀ። ራሰ በራ ናቸው። እሳት ይውረድባት ስትል የነበረችው አሮጊት እሳቱን ወደ እሳቸው አዞረችው። ሸሚዙ ያልተጨማደደው ሰው መታወቂያውን እያውለበለበ እየሮጠ መጣ፤ «ሙከራ ነው! ተረጋጉ! ሙከራ ነው!»

ትንሿ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። አቶ ጸጋዬ፣ አለቃዬ፣ አበባው፣ እኔና ጋሽ ፈንታ። አቶ ጸጋዬ ፊቱ ቀልቷል።

«መስመሩን አልፈህ ነበር። አልያዘችህም። ለምንድን ነው የተመለስከው?»

«ጠርታኝ ነው» አሉ ጋሽ ፈንታ። «‹አባቴ ይመለሱ፣ ዕቃው ይከፈት› ብላ ጠራችኝ።»

አልጠራኋቸውም። እግዜር ያውቃል፣ ትንፍሽ አላልኩም።

«እኔ አልሰማሁም» አለ አቶ ጸጋዬ።

«እርስዎ ሩቅ ነበሩ።»

አቶ ጸጋዬ ወደ አበባው ዞረ። አበባው ወለሉን እያየ «በሩ ይጮኽ ነበር፣ አልሰማሁም» አለ። እግዜር ይስጠው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደግ ነገር ሠርቶ አላየሁትም፤ ያን ቀን ግን ሠራ። ከዚያ አቶ ጸጋዬ ወደ እኔ ዞረ። «ጠርተሻቸዋል?»

የዚያ የአርብ ገበያ ቤት የበር መወርወሪያ በዓይኔ መጣ። ከውጭ የሚቆለፈው። «ጠርቻቸዋለሁ» አልኩ።

አቶ ጸጋዬ ብዕሩን እያሽከረከረ ሁለታችንን አየን። ሞኝ ሰው አይደለም። «የአገርህ ልጅ ናት አይደል ጋሼ? አነጋገራችሁ አንድ ነው። መልካም። በያዝከው መስቀል ማልልኝና ተይዟል ብዬ እጽፋለሁ። ካልማልክ አልፏታል ብዬ እጽፋለሁ።»

እኛ አገር በሐሰት በመስቀል የማለ ሰው ወደ መቅደስ አይጠጋም። ይህን ለማወቅ ድጓ መማር አያስፈልግም፣ ከብት ጠባቂውም ያውቀዋል። ጋሽ ፈንታ በአራት አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ቃል እንዳትወጣቸው ምላሳቸውን ነክሰው የያዙ ሰው ናቸው። ለጥር አንድ ወር ቀርቷቸዋል። መስቀሉ ያልተባረከ ነው፣ የሱቅ ነው፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፊታቸውን ሳይ ግን ለእሳቸው እንዲህ እንዳልሆነ አወቅሁ። «ይተዉት!» ልል ነበር። ልል ነበር እላለሁ፤ አላልኩም። ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው።

መስቀሉን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩት። «ጠርታኛለች። ብዋሽ ይህ መስቀል ይፋረደኝ» አሉ።

አቶ ጸጋዬ ጻፈ። «ተይዟል።»

መኪናቸው እስኪመጣ ድረስ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ውኃ ጠየቁኝ፣ አመጣሁላቸው። እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው፤ በረዶውን፣ ድጓ ቤቱን፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን ጥምጣም።

«ታዲያ ቅስናዎ?» አልኳቸው።

«ሌላ ሰው ይሾማል» አሉ፤ አውቶቡስ ላይ ቦታ ስለቀማቸው ሰው የሚያወሩ ይመስል። «አንቺ ብቻ ሥራሽን ጠብቂ። ይኸው ነው።»

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። አላለቀም። ከዚያ በኋላ ያልፈተሽኩት የለም። ቄስ ፈተሽኩ፣ መነኩሲት ፈተሽኩ፣ የሕፃን ጡጦ ፈተሽኩ። «አረመኔ» አሉኝ። ይበሉ። ግን ሰው ብረት አይደለም። በዓመት ከስምንት ወሩ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስክሪን ላይ ሳፈጥ፣ ቢላዋ ሲያልፍ አየሁ። አየሁት እላችኋለሁ፣ ቁልጭ ብሎ። ዓይኔ አየው፣ ራሴ ግን አልነቃም። ፈተና ነበር። በማግሥቱ የስንብቱን ደብዳቤ ፈረምኩ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር መቀመጥ መቻሌ ነው።

ወደ አርብ ገበያ ግን አልተመለስኩም። በዚያ ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ሰውየው መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አግብቶ ነበር። አጎቴ አድማሱ የሚመልሰኝ ቤት አጣ። አሁን እዚያው ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፤ ወንበር አለኝ።

ጋሽ ፈንታን ዳግመኛ ያየኋቸው በሁለት ሺህ ስምንት፣ በጥር ነው። አጎቴ አድማሱ ሞቶ ለለቅሶ ንፋስ መውጫ ሄድኩ። አለቀስኩለት እንግዲህ፣ ምን ላድርግ፣ ዘመድ ነው። በሦስተኛው ቀን እያጠያየቅኩ ወደ ጋሽ ፈንታ አገር ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጄ ደረስኩ።

እትዬ ተሾመችን ከደጃፋቸው ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «እንደምን ዋሉ» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ፣ ሰፌዳቸው ቆመ።

«ወለተ ማርያም ነሽ» አሉ። አልጠየቁኝም።

«በምን አወቁኝ?»

«የከተማ ጫማ አድርጎ እዚህ ድረስ የሚመጣብን ሌላ ማን አለ?» ሰፌዱን አስቀመጡ። «በይ ተቀመጪ። ልሰድብሽ ስድስት ዓመት ስዘጋጅ ነበር፤ አሁን ሳይሽ ስድቡ ጠፋኝ።»

ስድቡ ግን ብዙም አልቆየም፣ መጣ። የንስሐ አባታቸው «መስቀሉ ያልተባረከ ነበር፣ ቀኖናህን ፈጽመሃል፣ ቅስናውን ተቀበል» ብለው ሁለት ጊዜ ለምነዋቸዋል። ጋሽ ፈንታ እምቢ አሉ። «‹በዚህ እጅ ሰው አታልዬበታለሁ፣ ምዬበታለሁ፤ በዚህ እጅ ቁርባን አላቀብልም› አለኝ። ዲቁናውንም ተወው። አሁን የደጀ ሰላሙ ጠባቂ ነው። ደወል ይደውላል፣ ውሻ ያባርራል። ያ ሁሉ ድጓ! ለአንቺ ሥራ ብሎ የእኔ ባል ደጅ ቀረ። ጥምጣሙ እስካሁን ሣጥን ውስጥ ነው፤ አይጥ እንዳይበላው በየክረምቱ እያወጣሁ አሰጣዋለሁ። ማን ሊጠመጥመው?»

መሬት መሬት እያየሁ እውነቱን ነገርኳቸው። ሥራው እንደሌለ። ካባረሩኝ አራት ዓመት እንዳለፈው።

አንድ ዶሮ መጥታ ገብሱን ስትጭር እንኳን እትዬ ተሾመች አላባረሯትም።

«እሱ ከከተማ የመጣ ሰው ባየ ቁጥር፣ ‹አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራ አንዲት የንፋስ መውጫ ልጅ ታውቃላችሁ? አለች? ትሠራለች?› ይላል» አሉ በመጨረሻ። «ቅስናው ከቀረበት ወዲህ የያዘው ይህን ብቻ ነው። ስለዚህ እንዳትነግሪው። ሰምተሻል? ይህም ከንቱ ነበር ብሎ እንዲሞትብኝ አልፈልግም።»

«በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ልዋሻቸው?»

«እሱስ በመስቀል ዋሽቶልሽ የለ!» አሉኝ። «ሂጂ አሁን። ደጃፉ ላይ ነው።»

ሄድኩ። ጋሽ ፈንታ ከደጀ ሰላሙ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱላ ይዘዋል፣ ራሳቸው ላይ አሮጌ ጋቢ ጣል አድርገዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ተሳልሜ «ወለተ ማርያም ነኝ» አልኳቸው። በዱላቸው ተደግፈው ተነሡልኝ። እኔ ነኝ ለእሳቸው መነሣት ያለብኝ።

«ሥራሽስ?» አሉ። ደህና ነሽ ወይ እንኳን አላሉኝም። «አለሽበት?»

ፊታቸውን አየሁት፤ ያ ዘበኛው ሊፈትሸው ያልደፈረው ፊት ነው፣ መልሱን ይጠብቃል።

«አለሁበት» አልኩ። «እየሠራሁ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ። እንደገና «ተመስገን» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ስድስት ዓመት ቆመው የጠበቁ ያህል። ጥቂት ቆይተው ዱላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩት። «ታዲያ አደራ፣ አጥብቀሽ ፈትሺ። ቄስም ቢሆን ዝም ብለሽ እንዳታሳልፊ።»

«አላሳልፍም» አልኳቸው።